ዘጉት

ሰዓሊው ኮምፒውተሩ ላይ የሣለውን ሰውዬ ኮፒ አድርጎ ከጎኑ ለጠፈው፤ ሁለት ሆኑ። አንድ ጊዜ ደገመና ሦስት አደረጋቸው። ሦስቱም ባለኮፍያ፣ ሦስቱም ፊት የሌላቸው፣ ሦስቱም እጃቸውን ወደ አንድ በር ዘርግተው ቆመዋል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አያቸው። ለአንድ ጓጉንቸር ሦስት ሰው በዛ። ሁለቱን አጠፋ።

“አንዱ ይበቃል፤” አለች ጠበቃዋ ከጀርባው። መቼ እንደገባች አልሰማም። “አንድ ሰው፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ። ዳኛ እንደ ሕፃን ነው፤ ነገር ከበዛበት በመስኮት ያያል።”

“‘ዘጉት’ ስለሚል ነው። አንድ ይሁን ብዙ ግራ ገብቶኝ።”

“አንቱታ ነው እንጂ! ሰውየው ሽማግሌ አይደሉ? እስቲ የምስክሯን ቃል ከላይ ጀምረህ አንብበው።”

ሰዓሊው ከጠረጴዛው ላይ የችሎቱን ግልባጭ ወረቀት አነሳ። “‘ዘበኛው በሩ ጋ ቆመው ነበር። ጓጉንቸሩን አምጥተው ዘጉት።’”

“አየህ? ቆመው፣ አምጥተው፣ ዘጉት። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ያበዛቸው አክብሮቱ ነው።”

በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሰዓሊው የሰውየውን ኮፍያ ትንሽ ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገው። ዝቅ ያለ ኮፍያ ዘበኛነቱን ያጠነክረዋል።

በሙያው ሰዓሊ አልነበረም። እጅ መሳል አይችልም፤ የሚሠራቸው ሰዎች ሁሉ ክንዳቸው እንደ ማንኪያ ክብ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ሲጀምር የሱቅ ማስታወቂያ ይሠራ ነበር፤ ቀጥሎ የሠርግ ካርድ። ከስድስት ዓመት በፊት ጠበቃዋ የቢሮዋን የበር ጽሑፍ ልታሠራ መጥታ፣ ጽሑፉን ትታ፣ “ሁለት መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲጋጭ መሳል ትችላለህ?” አለችው። ሣለላት። ክርክሩን አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ የሠርግ ካርድ ሠርቶ አያውቅም። ዳኞቹ መጀመሪያ ሰሞን “ይሄ ችሎት ነው ኤግዚቢሽን?” እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አሁን ሥዕሎቹ የታተሙባቸው ሰሌዳዎች ሲገቡ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ።

ጠበቃዋ የራሷ ሕግ ነበራት፤ ከዋናው ሕግ ሌላ ማለት ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከዘጠኝ ቃል በላይ አይጻፍም። ቁም ነገር የሆነ ነገር ከታች በስተቀኝ አይቀመጥም፤ የዳኛ ዓይን እዚያ ሳይደርስ ይደክማል። ቀይ ቀለም ያለ ፈቃዷ ክልክል ነው። “ቀይ ሲያዩ ያዝናሉ፣ ግራጫ ሲያዩ ያስባሉ፤” ትላለች። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው በደንበኛው ነው።

ሰዓሊው ሬሳ የሚሠራው በግራጫ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ አሥራ አራት ሠርቷል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ይዘጋው ነበር። አሁን የሚያስጨንቀው የሬሳው ግራጫ ከወለሉ ግራጫ ጋር እንዳይመሳሰል ብቻ ነው። ሚስቱ “ግድግዳ ነው ያገባሁት” ስትል ይሰማታል፤ ልክ ናት ይላል በልቡ፤ ልክ መሆኗም ምንም አይለውም። ውስጡ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ነው። አያምም፤ የራስም አይመስልም።

የዛሬው ጉዳይ የፍራሽ ፋብሪካ ነው። ከስምንት ወር በፊት በምሳ ሰዓት ስፖንጅ የተቆለለበት ክፍል ተቃጠለ። ምሳቸውን እዚያው ማሽናቸው ጋ የሚበሉ ሰባት የፍራሽ ልብስ ሰፊዎች ወደ ኋላው በር ሮጡ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ስድስቱ በመስኮት ወጡ፤ ሰባተኛዋ አልወጣችም። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሁለት ሰዎች ተከሰሱ፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና የበሩ ዘበኛ። ጠበቃዋ የቆመችው ለሥራ አስኪያጁ ነው። ሽማግሌው ዘበኛ በሩን በገዛ ሥልጣኑ ቆልፎት ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ቤቱ፣ ሽማግሌው ወደ እስር ቤት ይሄዳሉ። ያስቆለፈው ሥራ አስኪያጁ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል።

ስለ በሩ የመሰከሩት ሁለት ሰዎች የሥራ አስኪያጁ አክስት ልጅና የግል ሾፌሩ ናቸው፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። ከማንም ወገን ያልሆነች፣ ዓይቻለሁ ያለች አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። የተናገረችውም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አሁን አራተኛው ሰሌዳ ላይ ያለው።

ሰሌዳዎቹ ስድስት ናቸው። ፋብሪካው ከላይ ሲታይ፤ የስፖንጁ ክምር፤ የምሳ ሰዓት፤ በሩና ባለኮፍያው፤ ጭሱ፤ የሞተችው ሴትዮ። ቅደም ተከተሉን ያወጣችው ጠበቃዋ ናት። ሥራ አስኪያጁ በስድስቱም ላይ የለም። የሌለ ሰው አይታሰርም።

“እስከ አምስት ሰዓት ታትመው ያልቁ፤” አለች ቦርሳዋን እያነገተች። “ችሎቱ በስምንት ሰዓት ነው፤ ዛሬ የክርክር ማቆሚያ ነው። ይሄ ካለቀ ደግሞ ያንን ወረቀት እንፈርማለን። ቋሚ ሠራተኛ! የምትሠራበትን ክፍል አይተኸዋል? መስኮት አለው።”

“አይቼዋለሁ።”

“ደስ አይልህም እንዴ?”

“ደስ ይለኛል፤” አለ ሰዓሊው፤ ጓጉንቸሩን እያጎላ።

ጓጉንቸሩ ነበር ያስቸገረው። በሩ ላይ ከውስጥ ይንጠልጠል ከውጭ? ግልባጩ አይልም። በውስጥ ካደረገው ሰውየው ውስጥ መቆም አለበት፤ በውጭ ካደረገው ውጭ። ምስክሯ ምናልባት በንግግሯ መሐል ጥቆማ ሰጥታ፣ ጸሐፊዋ ዘላው ይሆናል ብሎ የችሎቱን የድምፅ ቅጂ ከፈተ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

ሳል። የወንበር ሲጢጥታ። የማራገቢያ ድምፅ። ዐቃቤ ሕጉ ለረጅም ጊዜ ወረቀት ያገላብጣል። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ከፍ ያለ፣ ገበያ መሐል የሚጣራ ሰው ዓይነት፦

“ዘበኛው በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ጓጉንቸሩን አምጥተው ዘጉት።”

ስለ ውስጥና ውጭ ምንም አላለችም። ሰዓሊው ማዳመጫውን ሊያወልቅ እጁን አነሳና እጁ አየር ላይ ቀረ። ወደ ኋላ መለሰው።

“ዘበኛው በሩ ጋ ቆሞ ነበር።”

ወረቀቱን አየ። *ቆመው ነበር* ይላል። አራት ጊዜ መለሰው፤ አራቱንም ጊዜ ቆሞ ነበር።

የችሎቱን ጸሐፊ ያውቃታል። ለሰው ሁሉ ከመቀመጫዋ የምትነሳ፣ ተላላኪውን ሳይቀር አንቱ የምትል፣ ጨዋ ያሳደጋት ሴት ናት። ሽማግሌ ሰው “ቆሞ” ሲባል ጆሮዋን ጎርብጧት፣ እጇ እምቢ ብሏት ይሆናል። ሳታስበው አርማዋለች። አንዷን “ሞ” ወደ “መው” ቀይራ ሽማግሌውን ከፍ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ያስቀመጠችውም ጓጉንቸሩን አስይዛ ነው። ምክንያቱም ዘበኛው “ቆመው” ከነበረ፣ አምጥተው የዘጉት እሳቸው ናቸው። ዘበኛው “ቆሞ” ከነበረ ግን አምጥተው የዘጉት ሌሎች ናቸው። ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር እሱ፣ በሚቀጥለው እሳቸው አይሆንም።

ከሰዓሊው ቤት በስተቀር። ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት።

“እንደምን አረፈዱ?”

ሚስቱ አንቱ የምትለው ስትናደድ ነው።

“ምን አጠፋሁ?”

“እርስዎ ምን ያጠፋሉ? ጋዙን አስሞልቼ እልካለሁ ብለው የወጡ መስሎኝ ነበር። እናቴ ቁርሷን ቀዝቃዛ በላች። እግዜር ይስጥልን።”

“ረሳሁት።”

“ይርሱ እንጂ፤ ሥራ ይበዛብዎታል።” ከኋላዋ የአማቱ ድምፅ “ተይው፣ አትነዝንዢው” ሲል ይሰማል። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የስልክ ወሬ የጋራ ነው፤ ልጃቸው ከአያቷ ጋር ነው የምትተኛው፤ ወረቀቱ ከተፈረመ በደመወዙ ሦስተኛ ክፍል ይጨምራሉ። “ስማ፤” አለች ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ወረቀቱ ዛሬ ነው ኣ?”

“ዛሬ ካለቀ።”

“በል አንድ ቃል ሳትናገር ፈርመህ ና። አንተን እኮ አውቅሃለሁ። ዝም ስትል ዓመት፣ ስትናገር በማይሆን ቀን።”

አንተ ወደ ማለት ተመልሳለች፤ ታርቀዋል ማለት ነው። ሰዓሊው ስልኩን ዘጋና ስድስቱን ሰሌዳዎች ወደ ማተሚያ ቤት ላከ። አራተኛውን እንዳለ ነው የላከው። ጓጉንቸሩን በውጭ በኩል አድርጎታል፤ በውጭ ይታያል።

ሊወስዳቸው ሲሄድ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ አራተኛውን ብርሃን ላይ አቁሞ ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

“ይሄ ሰውዬ ጥፋተኛ ነው። ፊቱ ያስታውቃል።”

“ፊት የለውም።”

“እኮ! ንጹሕ ቢሆን ፊቱን ትደብቅለት ነበር?”

ሰዓሊው ሰሌዳዎቹን ተቀብሎ ወጣ።

በጠበቃዋ መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጋድሞ በደኅንነት ቀበቶ አሰራቸው። እሱ ከፊት ተቀመጠ። ጠበቃዋ እየነዳች ንግግሯን በከንፈሯ ትለማመዳለች፤ “ክቡር ፍርድ ቤት” ስትል ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው መብራት ላይ ሰዓሊው፣

“ድምፁን ሰማሁት፤” አለ።

“የምኑን?”

“የፅዳቷን። ‘ቆሞ’ ነው የምትለው። ‘ቆመው’ አላለችም።”

ጠበቃዋ ፍሬን ያዘች። መብራቱ ቀይ ሆኖ ነው።

“እሺ።”

“እና ‘ዘጉት’ ያለችው እሱን አይደለም። ሌሎችን ነው።”

“የኔ ሰዓሊ፤” አለች፤ ድምፅዋ የእናት ነው። “ጆሮ ያለው አንተ ብቻ መሰለህ? እኔ የሰማሁት ባለፈው ወር ነው።”

ሰዓሊው ወደ እሷ ዞረ። የጎን መስታወቱን እያየች ነበር።

“ግልባጩን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤” ብላ ቀጠለች። “ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ ፈርሞበታል። የሽማግሌው ጠበቃም ፈርሟል። ለማንም አልዋሸሁም፤ ማንንም አልደለልኩም። እኔ መዝገቡ ላይ ያለውን አነብባለሁ፣ አንተ እኔ ያነበብኩትን ትስላለህ።”

“ኮፍያ አድርጌበታለሁ።”

“ኮፍያ ማድረግ ወንጀል አይደለም።”

“የዘበኛ ኮፍያ ነው።”

“ስም ጻፍክበት? አልጻፍክም። ኮፍያ ኮፍያ ነው።” መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። “እሱን ተወውና ስለ ክፍልህ ንገረኝ። መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁንልህ?”

ሰዓሊው ትንሽ አሰበ።

“ግራጫ።”

ጠበቃዋ መሪውን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ሰዓሊው ግን መቀለዱ አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ሲደርሱ እሷ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለመነጋገር ወደ ምድር ቤቱ ካፍቴሪያ ወረደች። እሱ ሰሌዳዎቹን ተሸክሞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ከችሎቱ በር አጠገብ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ታቅፋ ተቀምጣለች። በመሰከረችበት ቀን አይቷት ነበር። ምስክርነቷ ካለቀ ወራት ቢያልፍም በየቀጠሮው ትመጣለች። ሰሌዳዎቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ?”

“ሥራ ከሆነ ሰኞና ሐሙስ ነው የሚመቸኝ። ደረጃ ያለው ቤት ግን አልይዝም።”

“ሥራ አይደለም። ዘበኛውን ‘አንተ’ ነው እንዴ የምትይው?”

“እሱን? ምን ልበለው ታዲያ?”

“ትልቅ ሰው ነው ብዬ ነው።”

“ትልቅማ ነው! አባቴን ይበልጠዋል። ፋብሪካው የገባሁ ሰሞን አንቱ ስለው ‘ልጄ፣ ገና አልተቀበርኩም’ አለኝ። እኔ ደግሞ እምቢ አልኩ፤ አሳዳጊ የበደላት አይደለሁማ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ ብልህ! ተሸነፍኩ። አሁን አንተ ነው፣ ሲያናድደኝ ‘አንተ ሽማግሌ’ ነው።” ቀና ብላ አየችው። “ምነው፣ ነውር ነው እንዴ?”

“ነውር አይደለም። ‘ጓጉንቸሩን አምጥተው ዘጉት’ ያልሽው ማንን ነው?”

“እነሱን ነዋ!”

“እነማንን?”

“ሥራ አስኪያጁንና ያን ቀብራራ ሾፌሩን። ስፖንጅ እየተሰረቀ ነው ብለው ነው። ሾፌሩ ጓጉንቸሩን ይዞ፣ አለቃው ከኋላ እየመጣ። ሽማግሌውማ ቆሞ ያያል፤ የሰው እንጀራ የሚበላ ሰው ምን ያድርግ? ኋላ ሲቃጠል ግን በሩን በድንጋይ ሲደበድብ ነው ጭሱ የጣለው።”

“ይሄን ለዳኞቹ ነግረሻል?”

“ነገርኩ እንጂ! ‘ዘበኛው ቆሞ ነበር፣ አምጥተው ዘጉት’ አልኩ። ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል?”

“‘እነማን?’ ብሎ የጠየቀሽ የለም?”

“ምን ብለው ይጠይቁኛል፣ ቋንቋ አይሰሙም እንዴ? የተማሩ ሰዎች።” ጠርሙሱን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዞረችው። “‘በቃዎት፣ ይቀመጡ’ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። እኔን! አንቱ ብለው እኮ ነው ያሰናበቱኝ።”

በዚህ ትንሽ ኩራት ነበረባት። ሰዓሊው አመሰገናት፤ ሰሌዳዎቹን አንስቶ ገባ።

ችሎቱ ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከፊት የዳኞቹ ሦስት ወንበሮች፤ በግራ የዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ፤ በቀኝ ሁለት የጠበቆች ጠረጴዛ። በመጨረሻው ላይ መንግሥት ለሽማግሌው ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ተቀምጦ ከተቆለሉ መዝገቦች ጀርባ ብስኩት ይበላል። ሰዓሊው ማቆሚያውን ዘረጋ። ሰሌዳዎቹን በቅደም ተከተል ለመደርደር አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ አንድ ሰው አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

ዘበኛው ነበር። በዋስ ስለተለቀቀ እንደ ማንኛውም ሰው በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ሁልጊዜም ቀድሞ። ሰፊ ኮት ለብሷል፤ ራሱ ባዶ ነው። አራተኛው ሰሌዳ ፊት ቆሞ እጁን ከኋላው አጣምሮ ያያል፤ ሰው የልጁን ሰርተፍኬት በሚያይበት ዓይነት።

“ይሄ እኔ ነኝ?”

ሰዓሊው “ስም አልተጻፈበትም” ማለት ይችል ነበር፤ መልሱ ከመኪናው ትኩሱን አብሮት መጥቷል።

“መሆኑ ነው፤” አለ።

“ኮፍያ አላደርግም እኮ። ራሴን ያሳክከኛል።” ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ቀረበ። “ግን እኔን ይመስላል። አቋቋሙ። ትከሻዬን እንዲህ አጎብጣለሁ። የት አየኸኝ?”

“አላየሁህም። አላየሁዎትም።”

“የመጀመሪያው ይሻላል፤” አለ ሽማግሌው። ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም። “ጭሱ ከገባብኝ ወዲህ ያ ቀን አይጠራልኝም። ሐኪሙም ጽፎልኛል፤ ወረቀት አለኝ። ብቻ እንዳልዘጋሁት ነበር የሚመስለኝ። ስምንት ወር ሙሉ እንዳልዘጋሁት ነው የሚመስለኝ።” ማንኪያ የመሰለውን የሰውየውን እጅ በጣቱ ነካው። “እንዲህ ተሠርቶ ሳየው ግን… ዘግቼው ይሆናል እንግዲህ።”

“ሥዕል ነው።”

“ሥዕልማ ነው። ግን ተምረህ የሠራኸው ነው፤ ዝም ብለህ አትሠራውም።”

“አልተማርኩም።”

“እንግዲያው ተሰጥቶህ ነው።” ሽማግሌው ቀና አለ። የኮቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ቆላለፈ። “እኔ ከሰው መሟገት ሰልችቶኛል፣ ልጄ። ዛሬ ዳኛው ‘የመጨረሻ ቃል አለህ?’ ሲሉኝ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ሥዕል ተሠርቶ እያለ ሽማግሌ ሲክድ ያስጠላል። ያቺም ልጅ ትረፍ፤ በየቀጠሮው ውሃ እየተሸከመች።”

ሄዶ በተከሳሾች አግዳሚ ላይ፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ሥራ አስኪያጁ ሰፋ ብሎ እንዲቀመጥ ነው።

ሰዓሊው አንድ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ንዴት ቢሆን፣ ኀዘን ቢሆን፤ የመጣውን ሊቀበል። ምንም አልመጣም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሰሌዳ አስደገፈ። ሴትዮዋ ከወለሉ በደንብ ትለያለች፤ ግራጫው ልኩ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስምንት አሥራ አንድ ጉዳይ ይላል። ሳይሰማው እግሩ ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ሄደ፤ እሱም አብሮት ሄደ።

“ይቅርታ፤” አለ። “የምስክሯን ድምፅ ሰምተውታል?”

ተከላካይ ጠበቃው ብስኩቱን ዋጠ። “የቷን ምስክር?”

“የፅዳቷን።”

“አርባ ሦስት መዝገብ ነው ያለኝ፤ ጆሮዬ ሁለት ብቻ ነው። ግልባጩን አንብቤያለሁ። አንተ ማነህ?”

“ሰሌዳ የማቆመው።”

“የሷ?” በአገጩ ወደ ጠበቃዋ ባዶ ወንበር አመለከተ።

“አዎ። ግልባጩ ‘ዘበኛው ቆመው ነበር’ ይላል። ድምፁ ‘ቆሞ ነበር’ ነው የሚለው። ‘አምጥተው ዘጉት’ የሚለው ሁለቱም ላይ ያው ነው።”

ተከላካይ ጠበቃው የብስኩቱን ፓኬት ወደ ጎን ገፋ። ከክምሩ ሥር አንድ ቀጭን መዝገብ ስቦ አወጣ፤ ገለጠ፤ በጣቱ እየሄደ አነበበ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ አንዴ ቆመው፣ አንዴ ቆሞ። ከዚያ የብስኩቱን ፍርፋሪ ከከረቫቱ ላይ በቀስታ አራገፈ።

“ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?”

“አሥራ ሰባተኛው፣ ሃያ ሰከንድ ገደማ።”

“እሷስ ማንን ነው የምትለው?”

“ውጭ አግዳሚ ላይ ናት። ቢጠይቋት ትነግርዎታለች። የጠየቃት ስለሌለ ነው።”

ተከላካይ ጠበቃው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ቀኑን ጻፈ፤ “አቤቱታ” ብሎ አሰመረበት። እየጻፈ ተናገረ፤ “ድምፁ በችሎት ይሰማልኝ፣ ምስክሯም በድጋሚ ትጠራልኝ እላለሁ። ይፈቅዱ ይሆናል። ግን ሰብሳቢ ዳኛው በመጨረሻ ሰዓት ይሄን ከየት አመጣኸው ይሉኛል። እኔ አልሰማሁትም፤ ሰማሁ ብዬ አልዋሽም። ድምፁን ከግልባጩ ጋር ያመሳከረ ሰው ስም ያስፈልገኛል።” ብዕሩን አንስቶ ጠበቀ። “ማን ብዬ ልጻፍ?”

“ሰዓሊው ቢሏቸው ያውቁኛል።”

“ሰዓሊው ብዬ አቤቱታ ላይ አልጽፍም። ሙሉ ስም፣ ከነአባትህ። አስበህበት ግን፤ የሚነበበው በችሎት ነው፤ እሷም ትሰማለች።”

ሰዓሊው ስለ መስኮቱ አሰበ፤ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ስለሚገባው የልጅቷ አልጋ፤ “በማይሆን ቀን” ስላለችው ሚስቱ። ሁሉንም በየተራ አሰባቸው፤ ሁሉም ከሩቅ እንደሚታይ ነገር ነበሩ። ከዚያ የራሱን ስም ተናገረ። ተከላካይ ጠበቃው ጻፈው።

“የአባት?”

በሩ ተከፈተ። ጠበቃዋ ከሥራ አስኪያጁ ጋር እያወራች ገባችና መጀመሪያ ሰሌዳዎቹን፣ ቀጥሎ ባዶውን ማቆሚያ፣ ቀጥሎ እሱን አየች። ሰዓሊው ድምፁን ሳይቀንስ የአባቱን ስም ተናገረ፤ በወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሎም እስኪጻፍ ድረስ ተከታተለ።

“ሐመሩ ሐ ነው፤” አለ፣ “ሃሌታው አይደለም። እንዳይሳሳቱ።”